ትራንስፎርመሩ አንድ ነው ወይስ ሦስት?

ስለ ባለ ሦስት ፌዝ ትራንስፎርመር ሲነሳ የሁላችንም እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ ባለ አንድ ፌዙ ኢኩዊቫለንት ሰርኪዩት ነው። አንዱን ፌዝ ሠርተን ሌሎቹን በ120 ዲግሪ አዙረን እንገላገላለን። ሎዱ ባላንስድ ከሆነ ዘዴው እንከን አይወጣለትም። ግን ባላንስድ ሎድ የት አለና? የሰፈር ትራንስፎርመር የሚመግባቸው ብዙዎቹ ቤቶች ባለ አንድ ፌዝ ናቸው። በአንዱ ፌዝ ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲደራረብ ሌላው ሊያርፍ ይችላል።

ታዲያ ምን ይሻላል? በኔ እምነት ዋይንዲንጎቹን ራሳቸውን ወደ እኩልታ ማምጣት ነው። ሦስት ፕራይመሪና ሦስት ሰከንደሪ፣ በድምሩ ስድስት ናቸው። የእያንዳንዱ ቮልቴጅ በራሱ ሬዚስታንስ ላይ የሚወድቀውና ከስድስቱም ከረንቶች ለውጥ የሚመጣው ድምር ነው። ኢንዳክታንሶቹም 6 በ6 ማትሪክስ ይሆናሉ።

ባለ ሦስት እግር ኮርን እንውሰድ። በአንዱ እግር የተነሳው ፍላክስ የሚመለሰው በሌሎቹ ሁለት እግሮች ነው። ስለዚህ የራስ ኢንዳክታንሱን ኤል ብንለው፣ በሁለት ፌዞች መካከል ያለው የጋራ ኢንዳክታንስ በግምት የኤል ግማሽ፣ ምልክቱም ኔጋቲቭ ነው። ባላንስድ ከረንት የሚያየው ኤል ሲቀነስ የጋራውን፣ ማለትም 1.5 ኤል ነው። ሦስቱ ከረንቶች በአንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ግን ኤል ሲደመር የጋራውን ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ ይኸውም ወደ ዜሮ የቀረበ ነው። ፍላክሱ በኮሩ ውስጥ መመለሻ ስለሚያጣ በዘይቱና በታንኩ በኩል ይዞራል። ባለ አንድ ፌዙ ሥዕል ይህን ከየት ያመጣዋል?

«ሶፍትዌሩ ውስጥ የተዘጋጀ ብሎክ አለ አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። አለ እንጂ! ነገር ግን የማግኔታይዚንግ ከረንት በጣም ትንሽ ስለሆነ የማትሪክሱ ቁጥሮች እርስ በርስ ይቀራረባሉ፤ ሊኬጁም በመካከላቸው ባለችው ጥቃቅን ልዩነት ውስጥ ይደበቃል። እ.ኤ.አ. በ1982 ብራንድዋይንና ሁለቱ ዶሜሎች ባሳተሙት ጽሑፍ የማትሪክሱን ግልባጭ በቀጥታ መሥራት መፍትሔ እንደሚሆን ያሳዩት ለዚህ ነው። እኩልታውን በእጁ ያልጻፈ ሰው ሲሙሌሽኑ ሲያብድ ምክንያቱን ከየት ያውቃል?

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ ከኦፕን ሰርኪዩትና ከሾርት ሰርኪዩት ቴስት በተጨማሪ፣ ሦስቱን ፌዞች አንድ ላይ አስረን ከኒውትራሉ ጋር በዝቅተኛ ቮልቴጅ እንለካ። ማትሪክሱን ከራሳችን ንባብ እንሙላ፤ ከዚያ ከብሎኩ ጋር እናስተያየው። አንድ የላብ ክፍለ ጊዜ ቢወስድ ነው። መምህራኖቻችንስ ምን ይላሉ?