‹‹ፖዘቲቭ›› የሚል ወረቀት ሁሉ በሽታ አይደለም፤ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስን በልኩ እንወቀው

በቅርቡ አንዲት የአራት ወር ነፍሰ ጡር የላቦራቶሪ ወረቀት ይዛ ወደ ምርመራ ክፍሌ ገባች። ማንም ሐኪም ሳያዝላት በግሏ ባደረገችው የደም ምርመራ ‹‹ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ፣ አይ ጂ ጂ፣ ፖዘቲቭ›› የሚል ውጤት ተሰጥቷታል። ጎረቤቷ ‹‹ልጁን የሚያበላሽ በሽታ ነው›› ብላታለች። ‹‹ዶክተር፣ ፅንሱን ላቋርጠው ወይ?›› ስትለኝ እንባዋ ይወርድ ነበር።

ከእርሷ ቀደም ብሎ ያየሁት ጎልማሳ ግን ምንም አልፈራም። ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ያለ ሲሆን መድኃኒቱን ካቋረጠ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ‹‹ዓይኔ ላይ ጥቁር ዝንብ የመሰለ ነገር ይዞርብኛል፤ ግን አያምም›› ብሎ ሁለት ወር ቆይቶ መጣ። የአንድ ዓይኑ ብርሃን አልተመለሰም።

ሁለቱን ያገናኛቸው አንድ ቫይረስ ነው። መደንገጥ የማይገባት ደነገጠች፤ መቸኮል የነበረበት ዘገየ። የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማም ማን መረጋጋት፣ ማን ደግሞ መፍጠን እንዳለበት መለየት ነው።

ቫይረሱ ምንድን ነው?

ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ የሄርፒስ ቤተሰብ አባል ነው። ከንፈር ላይ የሚወጣውን ‹‹ምች›› እና ‹‹አልማዝ ባለጭራ›› የምንለውን ሕመም የሚያመጡት ቫይረሶች ዘመዶቹ ናቸው። የሚተላለፈው በምራቅ፣ በሽንት፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በጡት ወተት፣ በደምና በንቅለ ተከላ አካል ነው። አንዴ ከገባ ከሰውነት አይወጣም፤ አንቀላፍቶ ዕድሜ ልክ ይኖራል።

በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች አብዛኞቹ ቫይረሱ አላቸው። በታዳጊ አገራት ደግሞ ብዙው ሰው ገና በልጅነቱ ይያዛል። ጤነኛ ሰው ሲያዝ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሰማውም፤ አልፎ አልፎ ትኩሳት፣ ድካም፣ የጉሮሮ ሕመምና የንፍፊት ማበጥ ይታይበትና በራሱ ጊዜ ይድናል። ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ዕረፍትና ፈሳሽ መውሰድ ይበቃል። አንቲባዮቲክ ቫይረስን ስለማይገድል ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ ትርፉ ገንዘብ ማባከን ነው።

ውጤቱን እንዴት እናንብበው?

‹‹አይ ጂ ጂ ፖዘቲቭ›› ማለት ሰውነት ቫይረሱን ከዚህ ቀደም ያውቀዋል ማለት ነው። ብቻውን ሲታይ ታመዋል አያሰኝም። ‹‹አይ ጂ ኤም›› የሚባለው ደግሞ በቅርቡ መያዝን ሊጠቁም ይችላል፤ ነገር ግን በስህተት ፖዘቲቭ የሚሆንበት ጊዜ ስላለ ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል። በእርግዝና ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዙ እናቶች ቫይረሱ ወደ ፅንሱ የሚያልፈው ከሦስቱ በአንዷ ገደማ ነው። ቀድሞ በተያዘች እናት ግን ይህ ዕድል በእጅጉ ያንሳል። ያቺ እናት በተደረገላት ተጨማሪ ምርመራ በቅርቡ የመያዝ ምልክት አልተገኘባትም። ተረጋግታ ክትትሏን ቀጥላለች። በአንድ ወረቀት ምክንያት እርግዝናን ስለማቋረጥ መወሰን ትልቅ ስህተት ነው።

መፍጠን ያለበት ማን ነው?

የመጀመሪያዎቹ የመከላከል አቅማቸው ክፉኛ የተዳከመ፣ በተለይም የሲዲ ፎር መጠናቸው ከ50 በታች የወረደ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ወገኖች ናቸው። ቫይረሱ ከእንቅልፉ ነቅቶ የዓይንን ውስጠኛ ክፍል፣ ሬቲናን፣ ያጠቃል። ምልክቶቹ ዓይን ፊት የሚንሳፈፍ ነጠብጣብ፣ ብልጭታ፣ ብዥታ ወይም የዕይታ በከፊል መጋረድ ናቸው። ሕመም የለውም፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። የሞተው የሬቲና ክፍል አይመለስም፤ ሕክምናው የሚያድነው የቀረውን ነው። ቫይረሱ አንጀትን ካጠቃም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል።

ሁለተኛዎቹ የአካል ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ናቸው። በአገራችን የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2008 ዓ.ም የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀምር የብዙዎች ተስፋ ለምልሟል። ቫይረሱ ግን ከለጋሹ ኩላሊት ጋር አብሮ ሊመጣ ወይም በተቀባዩ ሰውነት ውስጥ ካንቀላፋበት ሊነቃ ይችላል። ስለዚህ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ትኩሳት ወይም ተቅማጥ የታየበት ታካሚ ‹‹ብርድ መትቶኝ ነው›› ብሎ ቤቱ መቆየት የለበትም።

ሦስተኛዎቹ ቫይረሱ በማኅፀን የደረሰባቸው ጨቅላዎች ናቸው። አብዛኞቹ ጤነኛ ሆነው ያድጋሉ፤ ከአምስቱ አንዱ ግን ለዘለቄታዊ ችግር፣ በተለይም ለመስማት ችግር ይጋለጣል። ጭንቅላቱ ያነሰ፣ ቢጫ የሆነ፣ ጉበቱና ጣፊያው ያበጠ ወይም ለድምፅ ምላሽ የማይሰጥ አራስ ካለ በ21 ቀናት ውስጥ ምራቁ ወይም ሽንቱ መመርመር አለበት። ከዚያ በኋላ ቫይረሱ ቢገኝ እንኳ ከማኅፀን የመጣ ይሁን ከተወለደ በኋላ የያዘው መለየት ያዳግታል።

ሕክምናው

ዋናዎቹ መድኃኒቶች በደም ሥር የሚሰጠው ጋንሲክሎቪርና በአፍ የሚወሰደው ቫልጋንሲክሎቪር ናቸው። ለዓይን ሕመም የመጀመሪያው ዙር በአብዛኛው ሦስት ሳምንት ይወስዳል፤ ከዚያ የመከላከል አቅም እስኪያገግም አነስ ባለ መጠን ይቀጥላል። እንደ ጉዳቱ ቦታ በዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌም ሊጨመር ይችላል። የኤች አይ ቪ መድኃኒትን መጀመር ወይም ወደ እርሱ መመለስ የሕክምናው ምሰሶ ነው፤ ጊዜውን የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው። ግልጽ ሕመም የታየባቸው ጨቅላዎች በመጀመሪያው ወር ተጀምሮላቸው እስከ ስድስት ወር ይታከማሉ። መድኃኒቶቹ የነጭ ደም ሕዋሳትን ቁጥር ሊያወርዱ ስለሚችሉ በየጊዜው የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ፅንስንም ሊጎዱ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አይነኩም።

ዓለም በዚህ ረገድ ወደፊት እየተራመደ ነው። እ.ኤ.አ በ2013 የመድኃኒት ፓተንት ፑል ከአምራቹ ሮሽ ጋር ባደረገው ስምምነት የቫልጋንሲክሎቪር ዋጋ ለታዳጊ አገራት በእጅጉ እንዲቀንስ ተደርጓል። በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አካቶታል። በ2023 የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት ሁሉንም አራስ ለዚህ ቫይረስ መመርመር ጀምራለች። ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ መድኃኒቱ አለ፣ የሚጎድለው በጊዜ መድረስ ነው። መድኃኒት ያቋረጡ ሰዎችን ‹‹ዓይንህ እንዴት ነው?›› ብሎ መጠየቅ ብቻ ብርሃን ያድናል። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ እኛ ባለሙያዎችም ሆንን ቤተሰብ ውድ መሣሪያ አያስፈልገንም።

ምን እናድርግ?

እስካሁን ክትባት የለም፤ ጥንቃቄው ግን ቀላል ነው። ነፍሰ ጡር እናቶች የሕፃን ሽንት ጨርቅ ከቀየሩ፣ ንፍጥና ለሃጭ ከጠረጉ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። የትንሽ ልጅ ትራፊ መብላት፣ በአንድ ማንኪያ መጉረስና ልጅን ከንፈር ላይ መሳም ቢቀር ይመረጣል፤ ግንባሩን መሳም ፍቅርን አይቀንስም። በወሩ ለተወለደ ጤነኛ ሕፃን ጡት ማጥባት በዚህ ቫይረስ ምክንያት አይቋረጥም።

የኤች አይ ቪ መድኃኒት ያቋረጣችሁ ወገኖች፣ የሚቆጣችሁ ሳይሆን የሚቀበላችሁ ባለሙያ አለና ነገ ሳትሉ ወደ ጤና ተቋም ተመለሱ። ዓይናችሁ ላይ ዝንብ የመሰለ ነገር ካያችሁ ደግሞ እስኪያም አትጠብቁ።