የግራዋ አዲስ ስምና የእኛ ድርሻ
የጠላ ጋን የሚታጠብበት ግራዋ ከኑግና ከአደይ አበባ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። በሳይንስ «ቬርኖኒያ» ሲባል ኖሮ፣ ተመራማሪው ሃሮልድ ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት ከአሜሪካዎቹ ቬርኖኒያዎች ለይተው «ጂምናንቴመም» ከተባለው ወገን መደቡት። የአፍሪካዎቹና የአሜሪካዎቹ የክሮሞሶም ቁጥር እንኳ አይገናኝም፤ መለየቱ ተገቢ ነው። ጉድለቱ ከእኛ ከኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነው። አንዱ ጽሑፍ በአሮጌው፣ ሌላው በአዲሱ ስም ስለሚጠራው፣ ስለ አንድ ቁጥቋጦ የተሰጠው ምክር የሁለት ተክል ይመስላል። የማኅበር መሪዎች እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲደርሳቸው አገርኛ ስሙ እንዲጻፍላቸው አጥብቀው መጠየቅ ይገባቸዋል። አገርኛውም ብቻውን አይበቃም፤ ግራዋ በኦሮምኛ ኤቢቻ ነው። አበባ ያለውን ቅርንጫፍ በወረቀት መካከል አድርቆ፣ የተቆረጠበትን ስፍራና ቀን ጽፎ ለባለሙያ ማሳየት ይሻላል። ይህ ጋዜጣም ከተነበበ በኋላ ለዚሁ ይሆናል።