የጓሮ በቆሎ ዘር፦ ዋጋ ያልተተመነለት ሀብት

በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወይና ደጋ ቀበሌዎች እሸት በቆሎ ከጓሮ ወጥቶ ገበያ የሚደርሰው ጎተራ በሚራቆትበትና የእህል ዋጋ በሚንርበት የክረምት ማብቂያ ነው። ነጋዴው እሸቱን ይተምናል፤ እሸቱን ያስገኘውን ዘር ግን ከሒሳብ የሚያስገባው የለም።

በቆሎ አገር በቀል አይደለም። «የባሕር ማሽላ» መባሉም ከባሕር ማዶ ለመምጣቱ ምስክር ነው። ቴኦሲንቴ የተባለው የዱር ዘመዱ የሚገኘው በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ ነው። ይሁንና የአገራችን ገበሬ ለብዙ ትውልድ እየመረጠ በመዝራት ከየአካባቢው ዝናብና አፈር ጋር አላምዶታል።

ይህን ማለት ምርጥ ዘርን መንቀፍ አይደለም። በባኮ ምርምር ማዕከል ተዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ1993 የተለቀቀው ቢኤች-660 ከፍተኛ ምርት በመስጠት ይታወቃል። ነገር ግን ከተዳቀለ በቆሎ ምርት ላይ ዘር አስቀርቶ መልሶ መዝራት ምርቱን ስለሚቀንስ ዘሩ በየዓመቱ መገዛት አለበት። አቅርቦቱ ከዘገየ ወይም ዋጋው ከናረ ገበሬው የሚመለሰው ወደ ጓሮው ነው። ጓሮው ዘር አልባ ከሆነስ?

አደጋው ለድሃ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ የቅጠል በሽታ የበቆሎውን ምርት 15 በመቶ ገደማ ያወደመው አብዛኛው የተዳቀለ ዘር ከአንድ ዓይነት እናት በመገኘቱ ነበር። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በሜክሲኮ ሐሊስኮ ተራሮች የተገኘ አንድ የቴኦሲንቴ ዝርያ በርካታ የበቆሎ ቫይረሶችን የሚቋቋም ሆኖ ተገኝቷል። ብዝኃነት የመድን ዋስትና ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1976 የዘር ባንክ አቋቁማለች። ባንኩን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ የገበሬው ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በራሱ በገበሬው ማሳ እንዲጠበቅ በመሥራታቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል።

በጓሮ ዘር መጠበቅ ግን ጥንቃቄ ይሻል። የበቆሎ ጽጌ ብናኝ በነፋስ ስለሚጓዝ ነባሩ ከጎረቤት ምርጥ ዘር ጋር በቀላሉ ይደባለቃል። መፍትሔው የሚያብቡበት ጊዜ እንዳይገጥም የመዝሪያውን ቀን በሳምንታት ማራራቅ፣ ዘሩንም ከማሳው መሐል ከብዙ አገዳዎች መምረጥ ነው።

ይህ ድካም ዋጋ ካልተከፈለበት አይቀጥልም። የጎንደር እህል ነጋዴና ደላላ ንጹሕ ነባር ዘር ለሚያቀርብ ገበሬ ከእህል ዋጋ በላይ ለመክፈል አስቀድሞ ቢዋዋል ለቀጣዩ ዓመት የራሱን አቅርቦት ያረጋግጣል። ወለዱን እየበሉ ዋናውን ማጥፋት የነጋዴ ወግ አይደለም።