የአጎትሽ ድምፅ አይደለም

አንዲት አብሮ አደግ አለችን። ሮቤ ተወልዳ ያደገች፣ የእናቷ ዘመዶች እስከ ብድሬ የተዘረጉ ልጅ ነች። ዛሬ ኖርዝ ሜልቦርን በሚባል ሰፈር፣ በመንግሥት ፎቅ ውስጥ ትኖራለች። የአውስትራሊያ ዜግነት ወስዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጠችው ሚያዝያ 25 ቀን 2017 በተደረገው ምርጫ ነበር። ከምርጫው ሁለት ሳምንት በፊት በቤተሰቡ የዋትሳፕ ግሩፕ ላይ አንድ ጥያቄ ጣል አደረገች፤ "ማንን ልምረጥ?"

ምነው ባልጠየቀች! ጎባ ያሉት አጎቷ "ለአገራችን የሚያስበውን ምረጪ" አሉ። ሚኒሶታ ያለው የአጎቷ ልጅ "የትኛው አገራችን? መጀመሪያ እሱን እንነጋገር" አለ። ከዚያ በኋላ የተነሳው አምባጓሮ ስለ አውስትራሊያ አልነበረም። ስለ አዲስ አበባ፣ ስለ ወለጋ፣ ስለ ጎንደር፣ ስለ መቀሌ ነበር። ልጅቷ የጠየቀችው ስለ አንድ አረንጓዴ ወረቀት ነው። በመጨረሻ አጎት ትእዛዝ አስተላለፉ፦ "ምልክት ካደረግሽ በኋላ ፎቶ አንስተሽ ላኪልን።"

እሷም ግራ ሲገባት ለእኛ ደወለች። ጋዜጠኝነት ተመርቀን ቋሚ ሥራ ያልያዝን ስለሆንን ምክር ለመስጠት ጊዜ አናጣም። ያልናትን እዚህም እንደግመዋለን፤ ድምፁ ያንቺ ነው፣ የምትኖሪውም እዚያ ነው፣ የእኛን ጠብ ይዘሽ ምርጫ ጣቢያ አትግቢ።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን እናስረዳ። አውስትራሊያ ውስጥ መምረጥ ከ1924 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ ነው። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ 20 ዶላር ይቀጣል። ስለዚህ "ተይው ልጄ፣ ፖለቲካ ምን ያደርግልሻል" የሚለው የእናቶቻችን ምክር እዚያ አይሠራም። አረንጓዴው ወረቀት ላይ ደግሞ አንድ ሰው ላይ ምልክት አድርጎ መውጣት የለም። የወደድሽውን 1፣ ቀጥሎ 2፣ ቀጥሎ 3 እያልሽ የጠላሽው የመጨረሻው ቁጥር እስኪደርሰው ሁሉንም ዕጩ በተራ ታስቀምጫለሽ። ሳያነብ ከላይ እስከ ታች 1፣ 2፣ 3 ብሎ ሞልቶ የሚወጣም አለ፤ እነሱ ራሳቸው "የአህያ ድምፅ" ይሉታል። (የእኛ አገር አህያ እንኳ ወፍጮ ቤቱን ታውቃለች።)

አንደኛ ያልሽው ሰው ከወደቀ ድምፅሽ አብሮት አይቀበርም፤ ወደ ሁለተኛሽ ይሻገራል። በዚያው በሜልቦርን የምርጫ ክልል የሆነውን እንይ። የግሪንስ ፓርቲ መሪ አዳም ባንት በአንደኛ ቁጥር ድምፅ መሪ ነበሩ። ከኋላ የቀሩት ዕጩዎች ድምፅ ሲከፋፈል ግን የሌበር ፓርቲዋ ሳራ ዊቲ አለፈቻቸው፤ ባንት ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የያዙትን ወንበር አጡ። ብዙ ያገኘ አለፈ በሚለው በእኛ አገር ሕግ ቢሆን ኖሮ አሸናፊው እሳቸው ነበሩ። እንግዲህ አንዲት የሮቤ ልጅ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ላይ የጻፈችው ስም እንኳ ወንበር ሊያዞር ይችላል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ቁጥር በምን ታስላው? እስኪ የምትኖርበትን ቤት እንመልከት። ሰኔ 27 ቀን 2012 በኮሮና ምክንያት በፍሌሚንግተንና በኖርዝ ሜልቦርን ዘጠኝ የመንግሥት ፎቆች ድንገት ተዘጉ። ወደ 3,000 ሰው በፖሊስ ተከቦ እቤቱ ቀረ። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ከእኛው ቀጠና የሄዱ ናቸው። የቪክቶሪያ እንባ ጠባቂ ጉዳዩን መርምሮ አዘጋጉ የሰብአዊ መብት ሕጉን የጣሰ ነው አለ። ሦስት ዓመት አለፈና በመስከረም 2016 የቪክቶሪያ መንግሥት በሜልቦርን ያሉትን 44 ረጃጅም ፎቆች እስከ 2051 እ.ኤ.አ. አፍርሶ እንደሚገነባ አሳወቀ። የእሷም ቤት ከእነዚህ አንዱ ውስጥ ነው። ከግሩፑ አባላት "ቤትሽ ሲፈርስ ወዴት ትሄጃለሽ?" ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው አልነበረም።

የፎቁን ጉዳይ የሚወስነው የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ነው እንጂ የፌዴራሉ አይደለም የሚለን አንባቢ ትክክል ነው። ማን ምን እንደሚወስን መለየት ራሱ የመራጭ ሥራ ነው። ይህን ሳይለዩ የመረጡ ወገኖቻችንን እናስታውስ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ፣ የአገረ ገዢ ምርጫ ነበር። በባይደን አስተዳደር የተቆጡ ኢትዮጵያውያን ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ድምፅ ስጡ ብለው ቀሰቀሱ። ያንግኪን አሸነፉ። ባይደን ግን ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደሚያስወጡ ያሳወቁት በዚያው ዕለት ነው፤ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ተፈጸመ። የቨርጂኒያ አገረ ገዢ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ መንገድ ይወስን ይሆናል እንጂ ስለ አጎዋ ምን ሥልጣን አለው?

ስለ አገር ቤት ማሰብ ነውር ነው አላልንም። ዘመዱ ጦርነት ውስጥ ላለ ሰው የውጭ ጉዳይ ፖሊሲ የጓዳ ጉዳይ ነው። እሷ ራሷ አንብባ፣ አመዛዝና፣ በዚህ ምክንያት አንድን ዕጩ አንደኛ ብታደርግ እናከብራታለን። አጎቷ ስላዘዟት ብታደርገው ግን አናከብርላትም።

ደግሞስ እሷን "አገርሽን አትርሺ" ለማለት ምን ፊት አለን? በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ የነበረውን ዜግነት እንደተወ ይቆጠራል። ቢጫ ካርድ ብታወጣ ያለ ቪዛ ትገባለች፣ ትሠራለች፤ መምረጥና መመረጥ ግን አትችልም። እዚህ የነበራትን ድምፅ ወስደንባት፣ እዚያ ያገኘችውን ደግሞ ለእኛ ስጪን ማለታችን ነው። ኧረ እንፈር!

መካሪዎቹስ ማን ነን? እኛ ለመጀመሪያ ጊዜ የምርጫ ካርድ ያወጣነው ለሰኔ 14 ቀን 2013 ነበር። ያኔ ኦፌኮና ኦነግ አባሎቻችን ታስረዋል፣ ቢሮዎቻችን ተዘግተዋል ብለው ከውድድሩ ወጥተው ነበር። በኦሮሚያ በብዙ የምርጫ ክልሎች ብልጽግና ያለ ተፎካካሪ ቀረበ። ከዚያ በፊት በ2007 ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ጠቅልለው ወስደዋል። ምርጫ ሲባል ትዝ የሚለን ምልክት ነው፤ መጀመሪያ ንብ፣ ቀጥሎ አምፖል። እኛ ተጨንቀን የምናውቀው "ልሂድ ወይስ ልቅር? ብቀር ማን ያየኛል?" ብለን ነው። "አራተኛ ማንን ላድርግ?" ብሎ እንቅልፍ ያጣ ሰው ከሮቤ እስከ ጎባ ብትፈልጉ አታገኙም። ያልሞከርነውን ነገር በስልክ እናስተምራለን።

አጎታችን፣ ይቅርታዎን እንጠይቅና አንድ ነገር እንበልዎ። የአባትዎ ትውልድ ከ1955 እስከ 1962 ባሌ ውስጥ ነፍጥ ያነሳው ከምንም በላይ ስለ መሬቱና ስለ ግብሩ ነበር። ከእግሩ ሥር ስላለው ነገር ማለት ነው። እሷም ስለ ፎቋ ብታስብ የባሌ ልጅነቷን ካደች አይባልም።

የፎቶውን ነገርማ ተዉት። ምስጢራዊ የድምፅ አሰጣጥን በሕግ ከደነገጉት የዓለም ቀዳሚዎች አንዷ እኮ ራሷ ቪክቶሪያ ነች፤ በ1856 እ.ኤ.አ.። ሌላው ዓለም ሥርዓቱን "የአውስትራሊያው" እያለ የወሰደው ከእነሱ ነው። ሜልቦርን ድረስ ሄዳ ወረቀቷን ለጎባ ማሳየት ነበረባት?

በምርጫው ዕለት ግሩፑ ውስጥ አንድ ፎቶ ገባ። ምርጫ ጣቢያዎቹ በር ላይ ቋሊማ ጠብሶ መሸጥ የአገሩ ልማድ ነው፤ እሷ ቋሊማውን አስቀርታ ዳቦ በተጠበሰ ሽንኩርት ገዝታለች። ፎቶው የዳቦው ነበር። አጎቷ አጉልተው አጉልተው አዩትና ጻፉ፦ "ይሄ ደግሞ የየትኛው ፓርቲ ምልክት ነው?"