ተራራውን ማን ጠረበው?



በአነጋገራችን የማይናወጥና የማይለወጥ ነገር ሲገጥመን «እንደ ተራራ የጸና» እንላለን። ትውልድ ያልፋል፤ ተራራው ግን አያቶቻችን ባዩት ቦታ ላይ ቆሞ ስለሚታይ አባባሉ ልክ ይመስላል። ነገር ግን ይህ የሚመስለን የሰው ዕድሜ አጭር ስለ ሆነ ነው እንጂ ተራራም መንገደኛ ነው። ቀንም ሌሊትም ይሰበራል፤ ይፈጫል፤ ተጭኖ ይጓዛል፤ በመጨረሻም በሩቅ አገር ሜዳ ሆኖ ይተኛል። ይህን ሥራ ከሚሠሩት መካከል ዋናዎቹ ሦስት ሠራተኞች ናቸው፤ እነርሱም ወንዝ፣ ግግር በረዶና ነፋስ ናቸው።

በትምህርት ቤት ሦስቱን ለየብቻ፣ እያንዳንዱን በየምዕራፉ ተምረናቸዋል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናሳይዎ የምንወደው ግን የሦስቱ ሙያ አንድ መሆኑን ነው። ሙያቸውም በሦስት ቃል ያልቃል፤ ይኸውም መስበር፣ መሸከምና ማራገፍ ነው። እነዚህን ሦስት ቃላት የያዘ ሰው ገደልም ይሁን ሜዳ የቆመበትን አገር እንደ ጽሑፍ ማንበብ ይችላል። ከዚህም ጋር አንድ ሌላ ነገር ይገባዋል፤ አፈር ቦታ ይለውጣል እንጂ አይጠፋም፤ ስለዚህ የአንዱ አገር ጉዳት የሌላው አገር ሀብት ሆኖ ይገኛል።

ወንዝ

ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ጎጃም የሚጓዙ እንደ ሆነ ጎሐ ጽዮን ሲደርሱ ሜዳው በድንገት ያልቅብዎታል። መኪናው እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ እንደገና ወደ ደጀን ይወጣል። በዚህ ጊዜ የመንገዱን ግራና ቀኝ ቢመለከቱ የሚያዩት ገደል ብቻ አይደለም፤ አንዱ ባንዱ ላይ የተነባበረ የምድር ታሪክ ነው። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ባዛልት ነው። ከእርሱ በታች የኖራ ድንጋይ አለ፤ በውስጡ የባሕር እንስሳት ቅሪት ስለሚገኝ ይህ አገር በአንድ ዘመን የባሕር ወለል እንደ ነበረ ይመሰክራል። ወረድ ሲሉ የጄሶ ድንጋይ፣ ከታች በወንዙ አጠገብ ደግሞ የአሸዋ ድንጋይ ያገኛሉ። ይህን ሁሉ ቆርጦ ያሳየን ዓባይ ነው።

ለመሆኑ ለስላሳው ውሃ ጠንካራውን ድንጋይ እንዴት ሊቆርጠው ቻለ? ውሃ ብቻውን ብዙ አይቆርጥም። መጋዙ ውሃው የተሸከመው አሸዋ፣ ጠጠርና ድንጋይ ነው። ዓባይ በክረምት ሲሞላ ድንጋይ ከድንጋይ እየተላተመ፣ እንደ ወፍጮ መጅ ወለሉን እየፈጨ ይሄዳል። የፍጥነቱም ነገር የሚያስደንቅ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት በሚገኘው ሕግ መሠረት የውሃው ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን ሊገፋው የሚችለው ድንጋይ ክብደት ሁለት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ወደ 64 እጥፍ ይደርሳል። በበጋ ልጆች በእግራቸው የሚሻገሩት ወንዝ በነሐሴ ቋጥኝ እያንከባለለ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከፍታ ነው። ደጋው ከምድር ውስጥ በመጣ ኀይል ወደ ላይ የተገፋ አገር ነው። ዓባይ ከጣና ሲወጣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ሱዳን ጠረፍ ሲደርስ ግን 500 ሜትር ገደማ ብቻ ይቀረዋል። ከዚህ ሁሉ ከፍታ የሚወርድ ውሃ ወለሉን ከመቁረጥ አያርፍም። ይሁን እንጂ ወንዙ ራሱ የሚቆርጠው በአብዛኛው ወደ ታች ነው። ጎኑን የሚያሰፉለት ዝናብ፣ ፀሐይ፣ የዛፍ ሥርና ናዳ ናቸው። ስለዚህ የወንዝ ሸለቆ ላዩ ሰፊ፣ ታቹ እንደ ማረሻ ጫፍ የጠበበ ይሆናል። የጎሐ ጽዮንና የደጀን መንገድ በመሬት መንሸራተት ሲቸገር የኖረውም ይህ የማስፋት ሥራ ገና ስላላለቀ ነው።

ወንዝ ሜዳ ሲያገኝ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ሲቀንስም ሸክሙን ያራግፋል። መጀመሪያ ድንጋዩን፣ ቀጥሎ አሸዋውን፣ በመጨረሻ ደለሉን ይጥላል። ሄሮዶቱስ የተባለው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ግብጽን አይቶ ምድሪቱን የወንዝ ስጦታ ብሏታል። ስጦታውን የላከው ግን በአብዛኛው የእኛ ደጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ተሠርቶ ካለቀ ወዲህ ደለሉ ከግድቡ ኋላ ባለው ሐይቅ ውስጥ ስለሚቀር፣ በሮዜታ በኩል ያለውን የዴልታ ዳርቻ የባሕሩ ሞገድ ሲበላው ቆይቷል። ከዚህ የምንረዳው፣ ሜዳም ቢሆን አዲስ አፈር ካልመጣለት ባለበት ጸንቶ እንደማይኖር ነው።

ግግር በረዶ

በአገራችን በረዶ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከዝናብ ጋር ወርዶ ቆርቆሮውን ለጥቂት ደቂቃ የሚደበድበውን ጠጠር ነው። ሸለቆ የሚጠርበው በረዶ ግን ሌላ ነው። እጅግ በሚቀዘቅዝ ከፍተኛ ቦታ የወረደው አመዳይ ሳይቀልጥ ይከርምና በሚመጣው ዓመት ሌላ ይደረብበታል። እንዲህ እየተደራረበ ሲሄድ የታችኛው በላይኛው ክብደት ተጨምቆ እንደ ድንጋይ የጠነከረ በረዶ ይሆናል። ውፍረቱ በብዙ ሜትር ሲቆጠር ደግሞ በገዛ ክብደቱ ቀስ እያለ ቁልቁል መሄድ ይጀምራል። ግግር በረዶ የምንለው ይህ ነው። ወንዝ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ አካሄዱ ግን እጅግ የዘገየ ስለ ሆነ ብዙውን ጊዜ በቀን አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ወንዝ የሚሸከመውን በጉልበቱ ልክ ይመርጣል። ግግር በረዶ ግን ምርጫ አያውቅም፤ ዱቄት የሚመስለውን አፈርም ቤት የሚያህለውን ቋጥኝም አብሮ ተሸክሞ ይሄዳል። ከሥሩ የተጣበቁት ድንጋዮች ወለሉን እንደ ሞረድ ይፍቁታል። ጎንና ጎኑንም ስለሚፍቅ የበረዶ ሸለቆ ታቹም ሰፊ ሆኖ እንደ ገበቴ ይወጣል። በኖርዌይ አገር ሶግነፊዮርድ የሚባለው፣ ርዝመቱ ከ200 ኪሎ ሜትር የሚበልጥና ጥልቀቱ 1,300 ሜትር ገደማ የሚደርስ የባሕር ክንድ፣ ዱሮ ግግር በረዶ ፍቆት በኋላ ባሕር የሞላው ሸለቆ ነው።

ይህ ነገር በሊቃውንት ዘንድ የታወቀው ዘግይቶ ነው። በስዊዘርላንድ ሸለቆዎች ውስጥ ከአካባቢው ድንጋይ ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው ትልልቅ ቋጥኞች ይታዩ ነበር። ብዙዎቹ ሊቃውንት የጥንት ጎርፍ ያመጣቸው ነው ይሉ ነበር። ዣን ፒየር ፔሮዳን የተባለ የተራራ አዳኝ ግን ድንጋዮቹን ያመጣቸው በረዶው ነው፤ በረዶው ዱሮ እስከዚህ ድረስ ይወርድ ነበር ሲል እ.ኤ.አ. በ1810ዎቹ ተናገረ። በመጀመሪያ የሰማው ሊቅ አላመነውም። ሐሳቡ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው እያለፈ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1837 ሉዊ አጋሲ በኑሻቴል ከተማ በተደረገ የሊቃውንት ስብሰባ ላይ ስለ በረዶ ዘመን ንግግር አደረገ። ተራራውን በእግሩ የሚያውቀው ሰው ከመጽሐፉ ቀድሞ ነበር ማለት ነው።

ለእኛም ቢሆን ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ዛሬ በኢትዮጵያ ግግር በረዶ የለም፤ አሻራው ግን አለ። በባሌ የሳነቲ አምባ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ በላዩም 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ቆሟል። ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት በዚህ ስፍራ ግግር በረዶ ተኝቶ እንደ ነበር፣ ሲያፈገፍግ ጥሎት የሄደው የድንጋይና የአፈር ክምር ያስረዳል። በስሜን ተራሮችም ተመሳሳይ ክምር ተገኝቷል። በታንዛንያ፣ በኪሊማንጃሮ ራስ ላይ ከነበረው በረዶ እ.ኤ.አ. ከ1912 ወዲህ ከ80 በመቶ የሚበልጠው ጠፍቷል። በባሌ የተፈጸመው ታሪክ በዚያ በዘመናችን ሰዎች ዐይን ፊት ሲፈጸም ይታያል።

ነፋስ

አየር ከውሃ 800 ጊዜ ያህል ስለሚቀል ነፋስ ከሦስቱ ሠራተኞች ደካማው ነው። በእርጥብና ሣር በለበሰ አገር ብዙ ሊሠራ አይችልም። አፈሩ ደርቆ ራቁቱን በቀረበት በረሓ ግን ጌታ ይሆናል። ሥራውን ለማወቅ የአውድማን ነገር ያስቡ። ገበሬው እህሉን በመንሽ ወደ ላይ ሲበትን ፍሬው ከእግሩ ሥር ይወድቃል፤ ገለባው ጥቂት ርቆ ያርፋል፤ አቧራው ግን ከዐይን ይሰወራል። የበረሓ ነፋስም እንደዚሁ ነው። ድንጋዩን በቦታው ይተወዋል፤ አሸዋውን በአቅራቢያው ይከምረዋል፤ ደቃቁን አቧራ ግን ባሕር አሻግሮ ይወስደዋል። ሰሐራ ሁሉ አሸዋ የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ ነገር ግን በአሸዋ የተሸፈነው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው በአብዛኛው ነፋስ አፈሩን ጠርጎ የተወው የድንጋይና የጠጠር ሜዳ ነው።

ራልፍ ባግኖልድ የተባለ እንግሊዛዊ የጦር መኰንን የሊቢያን በረሓ በመኪና ሲያስስ ከቆየ በኋላ የአሸዋን ጉዞ በቤተ ሙከራ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1941 በመጽሐፍ አሳተመ። አሸዋ እንደ አቧራ እንደማይበር፣ በአጭር በአጭሩ እየዘለለ እንደሚሄድ በዚህ ጥናት ተብራርቷል። ዝላዩ አብዛኛውን ጊዜ ከሰው ጉልበት ብዙ ስለማያልፍ ነፋሱ ድንጋይን የሚልገው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ከሥሩ ነው። በግብጽ፣ በፋራፍራ አጠገብ ባለው ነጭ በረሓ አንገታቸው ቀጥኖ እንደ እንጉዳይ የቆሙት ድንጋዮች የዚህ ምስክሮች ናቸው። የአሸዋው ክምርም ባለበት አይረጋም። ነፋሱ በጀርባው አሸዋ እየነዳ በፊቱ በኩል ስለሚያፈስሰው ክምሩ በሙሉ ይጓዛል፤ በዚያው በግብጽ፣ በኻርጋ ኦአሲስ መንገድና እርሻ የዋጠበት ጊዜ አለ።

አቧራው የሚደርስበትን ደግሞ ይስሙ። በቻድ አገር ቦዴሌ የሚባል ዝቅተኛ ቦታ አለ፤ ጥንት የታላቅ ሐይቅ ወለል ነበር። ሐይቁ ከደረቀ በኋላ በሁለት ተራሮች መካከል ተጨምቆ የሚመጣው ነፋስ የሐይቁን ደለል እያነሣ አትላንቲክ ውቅያኖስን ያሻግረዋል፤ ከፊሉም በደቡብ አሜሪካ የአማዞንን ደን ያዳብራል። በአፍሪካ ሐይቅ የደረቀበት ደለል በሌላ ክፍለ ዓለም የዛፍ ምግብ ሆነ ማለት ነው።

አራተኛው ሠራተኛ

እስከዚህ ድረስ የተነገረው የሚሊዮንና የሺህ ዓመት ሥራ ነው፤ «እንግዲያስ እኔን ምን ቸገረኝ?» ይሉ ይሆናል። የሚቸግረው ይህ ነው። ገደል ለመቁረጥ ሚሊዮን ዓመት ያስፈልጋል፤ በገደሉ አፋፍ ላይ ያለውን የእርሻ አፈር ለማጣት ግን የአንድ ሰው ዕድሜ ይበቃል። በዚህም ጊዜ አራተኛ ሠራተኛ ይመጣል፤ እርሱም ሰው ነው። ተዳፋቱን መንጥሮ ያረሰ እንደ ሆነ ለውሃው መጋዝ ያቀብለዋል።

በስሜን ተራሮች የጥንቱን በረዶ አሻራ ካጠኑት አንዱ ስዊሳዊው ሐንስ ሁርኒ ነው። ይኸው ሰው በኋላ በኢትዮጵያ የአፈርን መሸርሸር መርምሮ፣ ከታረሰ መሬት ላይ በአንድ ሄክታር በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገመተ። አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲካፈል አራት ኪሎ ያህል ነው፤ ውፍረቱም ከአራት ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ ማንም አያየውም። በአሥር ዓመት ግን አራት ሴንቲ ሜትር ይሞላል። ተፈጥሮ ያን ያህል አፈር መልሳ ለመሥራት ብዙ መቶ ዓመታት ይፈጅባታል።

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል ኖሯል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከተመረቀ ወዲህ ዓባይ ማደሪያ አግኝቷል። ነገር ግን የሚያድረው ውሃው ብቻ አይደለም። ውሃው ተርባይኑን አዙሮ መንገዱን ይቀጥላል፤ ደለሉ ግን መጥቶ የማይሄድ እንግዳ ነው። ከእኛ በታች በሱዳን፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራው የሮሴሬስ ግድብ ደለል ስለ ሞላበት ከመጀመሪያ ይዞታው ሲሶ ያህሉን አጥቶ ነበር። ስለዚህ በጎጃምና በወሎ ተዳፋት ላይ የሚሠራ እርከን የገበሬውን ማሳ ብቻ ሳይሆን በከተማ የሚበራውንም መብራት ይጠብቃል።

መድኃኒቱም ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። የኮንሶ ሕዝብ ከ400 ዓመት በላይ ተራራውን በድንጋይ እርከን ሲያጥር የኖረ ሲሆን ሥራው እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የእርከኑ ምሥጢር ከላይ የተናገርነው የፍጥነት ሕግ ነው። ፍጥነት ሲጨምር የውሃው ጉልበት እጅግ እንደሚያድግ ሁሉ፣ ፍጥነት ሲቀንስም ጉልበቱ እጅግ ይወድቃል። የኮንሶ ገበሬ ሕጉን በቁጥር አልጻፈውም፤ በድንጋይ ግን ጽፎታል። እንደ ፔሮዳን ሁሉ እርሱም ከመጽሐፉ ቀድሟል።

እንግዲህ ተማሪም ቢሆኑ፣ በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት አዲስ የተመደቡ ሠራተኛም ቢሆኑ፣ አንድ ትንሽ ሥራ እንስጥዎ። በመጪው ግንቦት በአቅራቢያዎ ካለው ተዳፋት እርሻ ባለቤቱን አስፈቅደው፣ በማይታረስበት ጥግ አንድ ቀጭን ብረት ይትከሉ፤ የመሬቱ ፊት የደረሰበትንም ቦታ በቀለም ምልክት ያድርጉበት። በመስከረም ተመልሰው ከምልክቱ በታች ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ተገለጠ በማስመሪያ ይለኩ፤ ቁጥሩንም ለገበሬው ያሳዩት፤ እርሱ ደግሞ አባቱ በነበረበት ጊዜ ድንጋዩ እስከ የት ተሸፍኖ እንደ ነበር ይንገርዎ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው ይባላል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ግን ከውሃው ጋር አብሮ አይስቅም።