ከሻንጣ ጋር የሚጓዝ ሙያ

 

የዛሬው ርዕሳችን ራቅ ካለ አገር የመጣ ነው። በአሜሪካ የወታደር ሚስት ሆና፣ ቤቷ ተቀምጣ፣ የማንም ቋሚ ተቀጣሪ ሳትሆን በየጽሑፉ እየተከፈላት ስለምትሠራ ሴት እንነጋገራለን። እንዲህ ያለውን ሥራ ፍሪላንስ ይሉታል። «ይህ እኛን ምን ይመለከተናል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይመለከተናል። የአሜሪካ ጦር ማቭኒ በተባለ መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2016 ድረስ ቋንቋቸው የሚፈለግ የውጭ ዜጎችን ሲመለምል፣ በዝርዝሩ ላይ ከነበሩት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። ስለዚህ ከመካከላችን ልጁን ወይም እህቱን ለዚያ ኑሮ የሸኘ ቤተሰብ ቢኖር አያስገርምም።

እንደሚታወቀው የወታደር ኑሮ የዝውውር ኑሮ ነው። የአሜሪካ ወታደር በአብዛኛው በ2 ወይም በ3 ዓመት አንድ ጊዜ ከነቤተሰቡ ይዛወራል። ትእዛዙ ሲመጣ ባል ሥራውን ይዞ ይሄዳል፤ ሚስት ግን ሥራዋን ትታ ትሄዳለች። የአገሪቱ መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2021 ባደረገው ጥናት፣ ለመሥራት ከተዘጋጁት የወታደር ባለቤቶች 21 በመቶው ሥራ አጥ ሆነው ተገኝተዋል። በዚያው ዓመት የመላ አገሪቱ አማካይ 5 በመቶ ገደማ ነበር።

እነዚህ ሴቶች ሳይማሩ ቀርተው አይደለም። መምህርቷም ሆነች ነርሷ የሙያ ፈቃዷን የምታገኘው ከምትኖርበት ክፍለ ግዛት ስለሆነ፣ በተዛወረች ቁጥር እንደ አዲስ ማመልከት ነበረባት። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የወጣው የፌዴራል ሕግ ይህን ችግር በብዙ አቃልሎታል፤ ሲወጣ ግን የጠበቃ ፈቃድን አልጨመረም ነበር። ሆኖም ፈቃዱ ቢከተላትም፣ በዓመታት ያፈራችው ስምና ያሳደገቻቸው ተማሪዎች አይከተሏትም። በመምህርነት ሙያ ላይ ያለን ሰዎች ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እናውቃለን። አዲስ ትምህርት ቤት የገባ መምህር የ10 ዓመት ልምድ ቢኖረውም ለባልደረቦቹ ጀማሪ ነው።

ጽሑፍ ግን ፈቃድ አይጠይቅም። አዘጋጁ የሚያየው የተጻፈውን እንጂ የጻፈችው በየትኛው ከተማ እንደሆነ አይደለም። ነገሩም አዲስ አይደለም። ባሏ ጄኔራል ከስተር እ.ኤ.አ. በ1876 በጦርነት ሲሞት፣ ኤልሳቤጥ ከስተር የጦር ሰፈር ኑሮዋን እየጻፈች ከ1885 ጀምሮ መጻሕፍት አሳትማለች። ማርታ ሰመርሄይስም በ1870ዎቹ ከመኮንን ባሏ ጋር በአሪዞና በረሃ ያሳለፈችውን ኑሮ በ1908 በመጽሐፍ አውጥታለች። ሁለቱም የጻፉት ሌላው ሰው የማያየውን፣ እነርሱ ግን በየቀኑ ይኖሩት የነበረውን ነው።

ይሁን እንጂ «ቤትሽ ተቀምጠሽ ትሠሪያለሽ» ሲባል እንደሚሰማው ቀላል አይደለም። ይህን መንገድ ያሰበች እህት የሚከተሉትን ብታጤን መልካም ነው።

አንደኛ፣ ሰዓት። ቤት የተቀመጠ ሰው ሥራ የፈታ ይመስላል። ጎረቤት ልጅ ያስጠብቃል፣ ዘመድ ስልክ ይደውላል፣ ቤተሰቡም «እሷ እኮ ቤት ናት» ይላል። ባል ለወራት ለግዳጅ ሲሄድ ደግሞ እናትም አባትም የምትሆነው እርሷ ናት። መፍትሔው ረጅም ሰዓት መፈለግ ሳይሆን የማይነካ ሰዓት መያዝ ነው። መድረሳ የተማርን ሁሉ የለውህን ነገር እናስታውሳለን። ትልቁ ኪታብ የሚያልቀው በአንድ ሌሊት ሳይሆን በየዕለቱ ለውህ ላይ በሚጻፉት ጥቂት መስመሮች ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ሳሉ ወይም ከሱብሒ በኋላ በየቀኑ የሚገኝ አንድ ሰዓት፣ አልፎ አልፎ ከሚገኝ ሙሉ ቀን ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ውል። በአሜሪካ ሕግ ተቀጣሪ ያልሆነ ጸሐፊ መብቱን በጽሑፍ ካላስተላለፈ በቀር የሥራው ባለቤት ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ኒውዮርክ ታይምስን ጨምሮ አሳታሚዎች የግል ጸሐፊዎችን ጽሑፎች ሳያስፈቅዱ ወደ ኤሌክትሮኒክ ክምችት ማስገባታቸውን በመቃወም ለጸሐፊዎቹ ፈርዷል። እንግዲህ ከመፈረም በፊት የሚሸጠው ለአንድ ጊዜ የማተም መብት ነው ወይስ ጠቅላላ መብቱ? ክፍያውስ መቼ ነው? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በኒውዮርክ ከተማ ከ2017 ጀምሮ 800 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ የግል ሥራ በጽሑፍ ውል እንዲሆን፣ ውሉ ቀን ካልቆረጠም ሥራው ካለቀ በ30 ቀን ውስጥ እንዲከፈል ሕግ ያዛል። በሌላ ቦታ ይህ ሕግ ባይኖር እንኳ ደንቡን ተውሶ መጠቀም ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ግብር። ከዓመቱ የተጣራ ገቢ 400 ዶላር ከደረሰ ጀምሮ ከመደበኛው የገቢ ግብር በተጨማሪ፣ በ15.3 በመቶ ተመን የሚሰላ የግል ሠራተኛ ግብር አለ። ቀጣሪ ቆርጦ ስለማያስቀርላት በዓመት አራት ጊዜ ራሷ እያሰላች መክፈል ሊኖርባት ይችላል። ክፍያ በመጣ ቁጥር ድርሻውን ለይቶ ማስቀመጥ ኋላ ከሚመጣ ዕዳ ያድናል።

አራተኛ፣ ፈቃድና ምስጢር። በጦር ሰፈር ቤት ውስጥ የግል ንግድ ለማካሄድ የሰፈሩን አስተዳደር ማስፈቀድ ይጠይቃል። ከአሜሪካ ውጭ ባሉ ሰፈሮች ደግሞ ሁለቱ አገሮች የተዋዋሉት ስምምነት ገደብ ሊያደርግ ስለሚችል አስቀድሞ የሕግ ክፍሉን መጠየቅ ይገባል። ስለ ኑሮዋ ስትጽፍም የክፍሉን መንቀሳቀሻ ቀን፣ ቦታና የሰው ብዛት ከመግለጽ መቆጠብ አለባት። ስለ ናፍቆት መጻፍ ይቻላል፤ የሚመለስበትን ቀን መጻፍ ግን ሰው ሊያስገድል ይችላል።

በዚህ ላይ እውነቱን መናገር ተገቢ ነው። ፍሪላንስ እንደ ወር ደመወዝ አይደለም። አንዱ ወር ሞልቶ ሌላው ባዶ ይሆናል። ዛሬ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተራ ጽሑፎችን በደቂቃ ስለሚያወጣ፣ ማንም ሊጽፈው በሚችል ነገር ላይ መተማመን አያዋጣም። የሚያዋጣው ማሽኑ ያልኖረውን መጻፍና አንድን ጉዳይ ጠንቅቆ ማወቅ ነው። ለዚህም የሚያግዝ፣ ማይካ የተባለና ለወታደር ባለቤቶች የሙያ ሥልጠና እስከ 4,000 ዶላር የሚሰጥ መርሐ ግብር ስላለ፣ መሥፈርቱን ታሟላ እንደሆነ ብትጠይቅ ይበጃታል።

ወንድሞቼ፣ የመጨረሻው ቃል ለእናንተ ነው። በሸሪዓችን ሚስት በላቧ ያገኘችው ገንዘብ የራሷ ነው፤ የቤቱ ወጪ ኃላፊነትም በባል ላይ ነው። ስለዚህ ሥራዋ የሚመዘነው ለቤቱ ባስገባው ብር ብቻ መሆን የለበትም። ባል ጡረታ ሲወጣ ማዕረጉና የአገልግሎት ዘመኑ ተመዝግበው ይጠብቁታል። ለ20 ዓመት ሻንጣ ስታስር የኖረችው ሚስትስ በስሟ ምን ይኖራታል? በየከተማው የጻፈቻቸው ገጾች ተሰብስበው ከተገኙ፣ እነርሱ የአገልግሎቷ መዝገብ ናቸው። ያንን የአንድ ሰዓት በር ዘግቶ ልጆቹን ይዞ የሚወጣ ባል፣ መዝገቡን አብሯት ጽፏል ማለት ነው።