የፈላ ሁሉ አይጠራም፦ የቅንጣቶች መሳሳብና የስምጥ ሸለቆ ውሃ

ውሃን አፍልቶ መጠጣት በጤና ትምህርት ውስጥ ለረጅም ዘመን ከቆዩት ምክሮች አንዱ ነው። የተቅማጥና የታይፎይድ ተሕዋስያንን በመግደል ረገድ ምክሩ ዛሬም ትክክል ነው። ከአዳማ አንሥቶ በመቂና በባቱ በኩል እስከ ሻሸመኔ በተዘረጋው የስምጥ ሸለቆ ግን ከብዙ ጉድጓዶች ውሃ ጋር ፍሎራይድ አብሮ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በአካባቢው ከዚህ ወሰን የሚያልፉ ጉድጓዶች በርካታ ናቸው። በ1946 ዓ.ም. ማምረት በጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እርሻዎች ለብዙ ዓመታት የጉድጓድ ውሃ የጠጡ ሠራተኞች ላይ አከርካሪንና መገጣጠሚያን የሚያደርቀው የአጥንት ፍሎሮሲስ መታየቱ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ይህን ፍሎራይድ ማፍላት አያስወግደውም። ምክንያቱም በትምህርት ቤት ከሚሰጠው የቁስ አካል ሁነቶች ትምህርት ውስጥ ይገኛል፤ ይሁንና ትምህርቱ በሚሰጥበት መልክ ምክንያቱን ለማየት አያስችልም።

የተለመደው ሥዕል ሦስት ሣጥኖች ያሉት ነው። በጠጣሩ ሣጥን ቅንጣቶች ተጠጋግተው ይንቀጠቀጣሉ፣ በፈሳሹ ይንሸራተታሉ፣ በጋዙ ተበታትነው ይበርራሉ። ሥዕሉ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን በሦስቱም ሣጥኖች የተሣሉት ቅንጣቶች አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ ተማሪው ሙቀት ሲጨምር ሁሉም ነገር በአንድነት ተነሥቶ የሚሄድ ይመስለዋል። በእውነተኛ ውሃ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ቅንጣት ከጎረቤቱ ጋር ያለው መሳሳብ የተለያየ ነው፤ ማን እንደሚሄድና ማን እንደሚቀር የሚወስነውም ይኸው ልዩነት ነው።

ከውሃው ሞለኪውል እንጀምር። አንድ ኪሎግራም ውሃ ከ0 ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ 420 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋል፤ ያንኑ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን 2,260 ኪሎጁል ገደማ ይጠይቃል። ከአምስት እጥፍ የሚበልጠው ይህ ጉልበት በአብዛኛው የሚወጣው ሞለኪውሎቹን እርስ በርስ ያያያዘውን የሃይድሮጅን ትስስር ለማላቀቅ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ በ1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዳማ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ውሃ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ያም ሆኖ ለትነት የሚያስፈልገው ጉልበት እምብዛም አይለወጥም።

የፍሎራይድ አዮን ሁኔታ ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። ኤሌክትሪካዊ ሙል ስላለው የውሃ ሞለኪውሎች ከበው አጥብቀው ይይዙታል፤ ከፈሳሹ ለመውጣትም እነርሱን ጥሎ፣ ተቃራኒ ሙል ያለውን አቻውን አስከትሎ መሄድ ይኖርበታል። በሁለቱ አዮኖች መካከል ያለው መሳሳብ ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት፣ ሶዲየም ፍሎራይድ የሚቀልጠው በ993 ዲግሪ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። አሲዳማ ባልሆነ ውሃ ውስጥ ደግሞ በቀላሉ ወደሚተነው ሃይድሮጅን ፍሎራይድ አይለወጥም። ስለዚህ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ይቀራል። በሊትር 3 ሚሊግራም ፍሎራይድ ያለው ሁለት ሊትር ውሃ ፈልቶ አንድ ሊትር ተኩል ቢቀር፣ ያው 6 ሚሊግራም በትንሹ ውሃ ውስጥ ስለሚከማች መጠኑ በሊትር ወደ 4 ሚሊግራም ከፍ ይላል። ከድስቱ የወጣው እንፋሎት ከፍሎራይድ የጠራ ነው፤ ቤተሰቡ የሚጠጣው ግን የቀረውን ነው።

ፍሎራይዱ ከመጀመሪያው በውሃው ውስጥ የበዛበት ምክንያትም የመሳሳብ ጉዳይ ነው። በሸለቆው ከእሳተ ገሞራ የተገኙ ዐለቶች ፍሎራይድ ይለቃሉ። ካልሲየም በበቂ መጠን ቢኖር ኖሮ ከፍሎራይዱ ጋር አጥብቆ ስለሚሳሳብ በውሃ እምብዛም የማይሟሟ ጠጣር ሆኖ በዘቀጠ ነበር። የአካባቢው የከርሰ ምድር ውሃ ግን በአብዛኛው ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰበት ነው፤ ሶዲየም ደግሞ ፍሎራይድን ከውሃው ነጥቆ ለማዝቀጥ አይችልም። በመሆኑም ፍሎራይዱ በፈሳሹ ውስጥ እንደ ልቡ ሲዘዋወር ይኖራል።

መፍትሔውም የሚገኘው ከዚሁ መሳሳብ ነው። የአጥንት ከሰል በአብዛኛው የካልሲየምና የፎስፌት ማዕድን በመሆኑ በላዩ የሚያልፈውን ፍሎራይድ ስቦ በገጹ ላይ ያስቀረዋል። የሰው ጥርስና አጥንትም የተሠሩት ከዚሁ ማዕድን ዘመዶች ነው፤ ሰውነትን የሚጎዳውና ውሃን የሚያጠራው መሳሳብ አንድ ነው። የምርምሩ ጥያቄ እንግዲህ ፍሎራይዱ ከሰው አጥንት ከመድረሱ በፊት የሚይዘው ገጽ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ነው።

በዚህ ጥያቄ ላይ የሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ጥቂት አይደሉም፤ ሸክላ፣ የእሳተ ገሞራ ዐለት፣ የእርሻ ተረፈ ምርት ከሰልና ሌሎችም ይፈተናሉ። ብዙውን ጊዜ ግን የሚፈተኑት በተጣራ ውሃ ውስጥ ሶዲየም ፍሎራይድ በማሟሟት በተዘጋጀ ናሙና ነው። ይህ የትምህርት ቤቱን ሥዕል በቤተ ሙከራ መድገም ነው፤ ፍሎራይዱ ተቀናቃኝ ጎረቤት የሌለው ብቸኛ ቅንጣት ተደርጎ ይወሰዳል። በእውነተኛው የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ባይካርቦኔት በገጹ ላይ ያለውን ቦታ ይሻማል፤ የውሃው አልካላይነት ከፍ ሲል ደግሞ የማጣሪያው ገጽ ወደ አሉታዊ ሙል ስለሚያዘነብል አሉታዊውን ፍሎራይድ መግፋት ይጀምራል። በተጣራ ውሃ ድንቅ ውጤት ያሳየ ማጣሪያ በመቂ ወይም በወንጂ ውሃ ፈጥኖ ሊደክም ይችላል። ጉዳቱም በወረቀት ላይ አይቀርም፤ ማጣሪያው ይሠራል ብሎ ለሚጠጣ ሰው ይተርፋል።

የተዘጋጀ ናሙና አንድን ተለዋዋጭ ነጥሎ ለመመርመር ያስችላል የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው። ያለ እርሱ የመሳሳቡን ጥንካሬም ሆነ የሂደቱን ፍጥነት በትክክል መለካት ያዳግታል። ነገር ግን ይህ የጥናቱ መነሻ እንጂ መድረሻ ሊሆን አይገባውም። በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሸለቆው ባሉ ሌሎች ተቋማት የፍሎራይድ ማስወገጃ የሚያቀርብ የመመረቂያ ጽሑፍ ቢያንስ ከሁለት የተለያዩ ጉድጓዶች በተቀዳ ውሃ የተገኘ ውጤት እንዲያካትት፣ የውሃውን ባይካርቦኔት፣ ካልሲየምና ፒኤችም አብሮ እንዲመዘግብ መጠየቅ ተገቢ ነው። ወንጂ ከአዳማ ቅርብ ስለሆነች ናሙና ማምጣት ከባድ ወጪ አይጠይቅም።

የጤና ምክሩም በሁለት ሊከፈል ይገባዋል፦ ማፍላት ለተሕዋስያን፣ ማጣሪያ ወይም ሌላ የውሃ ምንጭ ለፍሎራይድ። የክፍል መምህሩ ደግሞ በሦስቱ ሣጥኖች ሥዕል ላይ አንድ የተለየ ቅንጣት ቢጨምርና ውሃው ሲተን ይህ ቅንጣት ለምን እንደሚቀር ተማሪዎቹን ቢጠይቅ፣ የስምጥ ሸለቆ ልጆች የሚጠጡትን ውሃ የሚያስረዳ ትምህርት ያገኛሉ።